ቃል ሰምተው የሚሠሩ የቤት ዕቃዎችና ዓይነ ስውራን ወገኖቻችን

(በሬዲዮ የተነገረ)



«ዕውር ምን ይሻል? ብርሃን» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ኖረናል። ተረቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ አይጨርሰውም። የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው የሚሻው ብርሃንን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ብርሃኑ የማይመለስለት ሁሉ ከምኞት በቀር ምንም ባልቀረለት ነበር። ዓይነ ስውር ወገናችን ከብርሃን ቀጥሎ አጥብቆ የሚሻው በገዛ ቤቱ ጌታ ሆኖ መኖርን ነው። ይኸውም መብራቱን ራሱ ማብራትና ማጥፋት፣ ምድጃውን ራሱ መለኮስ፣ በቆጣሪው ላይ የቀረውን ሒሳብ የጎረቤት ልጅ ሳይጠራ ማወቅ ነው። የዛሬው ንግግሬም የሰውን ቃል ሰምተው ስለሚሠሩ የቤት ዕቃዎች፣ እነዚህም ዕቃዎች ለዓይነ ስውራን ስለሚሰጡት ጥቅምና ወደ አገራችን ቤቶች እንዳይገቡ ስላገዷቸው ነገሮች ይሆናል።

አስቀድሜ የነገሩን ጠባይ ላስረዳ። የሰው ቃል በአየር ላይ የሚጓዝ ንዝረት መሆኑ የታወቀ ነው። ማይክሮፎን ይህን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም ኤሌክትሪኩን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይመነዝረዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ቀደም ሲል ከተማራቸው ድምፆች ጋር አስተያይቶ ቃሉን ይለያል፤ ቃሉን ከለየም በኋላ ትእዛዙን ይረዳል፤ በመጨረሻም የኤሌክትሪኩን መስመር ለሚከፍተውና ለሚዘጋው ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ምልክት ይልካል። መሣሪያው በቤት ውስጥ የሚነገረውን ጨዋታ ሁሉ ትእዛዝ አድርጎ እንዳይወስደው መጠሪያ ስም ይወጣለታል፤ በስሙ ሲጠሩት ነቅቶ ያደምጣል።

ይህ ጥበብ በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። የውጭውን አገር ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1952 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች «ኦድሪ» የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ኦድሪ የሚያውቀው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር፤ እነርሱንም አጥርቶ የሚለየው የለመደው ሰው ሲናገር ነበር። ከዚያም አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ «ሹቦክስ» የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ በ1962 በሲያትል ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ፤ ይህም መሣሪያ 16 ቃላት ይሰማ ነበር። ይህን 16 የሚለውን ቁጥር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በ2011 አፕል የተባለው ኩባንያ ቃል ተቀባይ የሆነውን «ሲሪ»ን በስልክ ውስጥ አወጣ፤ በ2014 አማዞን «አሌክሳ»ን በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አድርጎ ለገበያ አቀረበ፤ በ2016 ደግሞ የጉግል መሣሪያ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በሀብታሞቹ አገሮች መብራቱ፣ ምድጃው፣ የልብስ ማጠቢያውና የበሩ ቁልፍ በቃል የሚታዘዝበት ቤት ብዙ ነው።

ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ ምቾት ነው። ከወንበሩ ላለመነሣት ብሎ መብራቱን በቃሉ ያጠፋል፤ ባያጠፋም የሚጎዳው ነገር የለም። ለማያይ ሰው ግን ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው፤ ምክንያቱንም ሁላችሁ በየቤታችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ቀድሞ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚዞር ማዞሪያ ነበረው፤ ዓይነ ስውሩ በጣቱ ዳስሶ አንድ ጊዜ ካዞረው አነስተኛ ሙቀት፣ ሁለት ጊዜ ካዞረው መካከለኛ ሙቀት መሆኑን ያውቅ ነበር። ሬዲዮውም የሚጫንና የሚዞር ነገር ነበረው። ዛሬ ግን ምድጃውም፣ ማጠቢያውም፣ ስልኩም ገጹ ልሙጥ መስተዋት ሆነ። በመስተዋቱ ላይ ጣት ቢንሸራሸር የሚያገኘው ጉብታ የለም፤ የሚሰማው ድምፅም የለም። ለእኛ ውበት የመሰለን ነገር ለወገናችን የተዘጋ በር ሆነበት። እንግዲህ ቃል ሰሚ መሣሪያ ለዓይነ ስውሩ አዲስ ስጦታ ከመሆኑ በፊት፣ ዘመናዊነት የነጠቀውን የሚመልስ ካሣ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩን ከሩቅ አገር አውጥተን ወደ ራሳችን ቤት እናምጣው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣና ምሥራቅ፣ በሐሙስ ቀን ስም የተጠራችው የደራዋ ሐሙሲት ከተማ አለች። በዚህች ከተማ አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸውም የጠፋ እናት አሉ ብለን እናስብ። በቤታቸው አምፖል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሬዲዮና ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ፤ በግድግዳውም ላይ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ተሰቅሏል። እኒህ እናት ከመሣሪያ ምን ይፈልጋሉ?

አንዳንድ ሰው «ለማያይ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። ይህ ሳያስቡ የሚናገሩት ነገር ነው። ማታ እንግዳ በመጣ ጊዜ ቤቱ ጨለማ ሆኖ ቢቆየው የሚያፍሩት እኒያ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ትምህርቱን የሚያጠናው በመብራት ነው። እንግዳው ሳያጠፋ ሄዶ አምፖሉ ሲበራ ቢያድር ገንዘቡን የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ እኒህ እናት ከማዘዝ ይልቅ አስቀድመው የሚፈልጉት መጠየቅን ነው። «መብራቱ በርቷል ወይ? ምጣዱ ጠፍቷል ወይ? ሰዓቱ ስንት ነው? ቆጣሪው ላይ ስንት ብር ቀረ?» ብለው ጠይቀው መልስ ማግኘትን ይሻሉ። የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ ቀና ብሎ በአንድ ዓይታ ስለሚያውቀው መጠየቅ መሆኑን እንኳ አያስተውለውም። የቃል ሰሚ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ መታዘዙ ብቻ አይደለም፤ መመለሱ ነው።

ምጣዱን ብቻ ለብቻው እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል የሚስብ፣ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የበላዩ ነው። የለመደች ባለሙያ ዓይኗ ባያይ እንኳ ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ በሚያሰማው ድምፅ፣ በእንፋሎቱና በሽታው እንጀራው መድረሱን ታውቃለች። የማታውቀው ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ምን ያህል እንደበረደ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ያላት ሚዛን የገዛ እጇ ብቻ ነው። የሙቀት መለኪያ ተገጥሞለት «ምጣዱ ገና ትኩስ ነው» የሚል አንድ ቃል ቢናገር ከቃጠሎ ያድናታል።

በመስማት ማወቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ድጓ በጋይንት በቴልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ ሲመሰከር የኖረው ዜማው ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ እየተላለፈ ነው። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርማል። በዚህ ምክንያት ዓይናቸው የማያይ ሊቃውንት በአድባራቱና በገዳማቱ ተምረው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእኛም አስቀድሞ በአራተኛው መቶ ዓመት በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋው ዲዲሞስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት መርቷል። ይህን የምጠቅሰው የጎደለን የሰው ጆሮ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። የጎደለን በቋንቋችን የተማረ የመሣሪያ ጆሮ ነው።

ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው ለሚል መልስ እንስጥ። በ1998 ዓ.ም. በመላው አገር በተደረገው ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 የሚሆነው ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ጊዜ በነበረው የሕዝብ ቁጥር ሲሰላ ዓይነ ስውሩ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። ምክንያቱም ሲመረመር ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ ከመቶ 11.5 የሚሆነው ትራኮማ በሚያስከትለው የዓይን ጠባሳ ነበር። የአማራ ክልል ትራኮማ ከጸናባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ መሆኑም የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ሞራ በአጭር ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው። ትራኮማን ፊትን በመታጠብ፣ አካባቢን በማጽዳት፣ በመድኃኒትና የተቀለበሰውን ቆብ በማስተካከል መከላከል ይቻላል። ሊድን የሚችለውን ዓይን ሳያድኑ የሚናገር ምድጃ መግዛት የነገሩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ሥራውን ሁሉ ቢፈጽም እንኳ ብርሃናቸው የማይመለስላቸው ወገኖች ይኖራሉ። ለእነርሱ «ሕክምናው እስኪዳረስ ቆዩ» ልንላቸው አይገባም፤ ሕክምናው የሚያልፈው በሌላ በር ነውና።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንምጣ። ከላይ የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጃፓንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ሲታዘዙ፣ አማርኛ ሰሚ ሆነው ለገበያ አልወጡም። እኒያ የሐሙሲት እናት መብራታቸውን ለማብራት አስቀድመው እንግሊዝኛ ይማሩ ማለት ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ቤት መስጠት ነው። አማርኛንስ ለመሣሪያ ማስተማር ለምን አስቸገረ? ምክንያቱ ብዙ ነው።

አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማይጽፈው፣ ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ልዩነቱን ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ መርምሮ ማግኘት አለበት። ሁለተኛው በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የማይገኙት እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨና ጰ ናቸው። በነዚያ ቋንቋዎች የሠለጠነ መሣሪያ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆኑበታል፤ ልጅ መጣ ማለትና ልጅ መታ ማለት ግን አንድ አይደለም። ሦስተኛው የትእዛዙ አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለታላቅም፣ ለታናሽም የሚበቃ አንድ የትእዛዝ ቃል አለ። በእኛ ግን አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ ይብራ፣ አብራልኝ፣ አብሪልኝ እያለ ይቀጥላል። አንዷ መሣሪያውን እንደ ልጇ ቆጥራ «አንተ» ትለዋለች፤ ሌላዋ «አንቺ» ትለዋለች፤ ጨዋ ሽማግሌም ለማያውቁት ነገር «አንቱ» ማለት ይቀናቸው ይሆናል። መሣሪያው እነዚህን ሁሉ አንድ ትእዛዝ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ሲመልስም አክብሮትን ማወቅ አለበት፤ በጎጃምና በጎንደር እናቲቱን «አንቺ» ብሎ የሚጠራ መሣሪያ ሥራውን ቢሠራም ቤት የሚገባ ባለጌ ነው። አራተኛው የአገር አነጋገር ነው። በጎጃምና በጎንደር ያለ ሰው «ከቤት» በማለት ፈንታ «ተቤት» ሊል ይችላል፤ የአዲስ አበባን አነጋገር ብቻ የተማረ መሣሪያ ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል።

ይሁን እንጂ ችግር መኖሩ አይቻልም ማለት አይደለም። በ2005 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ሲያጠኑ የነበሩት ሰሎሞን ተፈራ አባተና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት የሚሆን የአማርኛ ንባብ ለመሣሪያ ማሠልጠኛ እንዲሆን አዘጋጅተው አቅርበዋል። ጉግልም በ2017 በድምፅ ለሚጻፍ ጽሑፍ አማርኛን ከስዋሂሊ ጋር ጨምሯል። አማርኛን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞችም ተገኝተዋል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ ገና ያልተሠራው ከቢሮ ወደ ጓዳ የሚወስደው ክፍል ነው። ጸጥ ባለ ክፍል የተነበበ ጽሑፍና፣ ምጣድ እየጮኸ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ጥርሳቸው የጎደለ እናት የሚናገሩት ቃል አንድ አይደሉም። መሣሪያው በጓዳ እንዲሰማ ከተፈለገ የጓዳን ድምፅ መማር አለበት።

ሌላው እንቅፋት ኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መስመር ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የበለስ ጣቢያ ተርባይኖቹን የሚያዞረው በጣና ውኃ ነው፤ ሆኖም በገጠሩ መብራት ያልደረሰበት ቤት ገና ብዙ ነው፤ በደረሰበትም መስመሩ ይቋረጣል። ከዚህም በላይ ከውጭ የሚመጡት መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ የሰሙትን ቃል በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር ኮምፒውተር ልከው መልሱን የሚቀበሉ ናቸው። መስመሩ ሲጠፋ ደንቆሮ ይሆናሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን እናስታውሳለን። መብራቱን በሩቅ መስመር ላይ ብቻ ያሰረ ዓይነ ስውር በእነዚያ ወራት በጨለማ ላይ ጨለማ በተደረበበት ነበር። ደግሞም በቤት ውስጥ የሚነገር ምሥጢር ሁሉ ወደማይታወቅ ቦታ መሄዱ የሚያሳስብ ነው፤ ዓይነ ስውር በመሆኑ የቤቱን ገመና እንዲከፍል የተፈረደበት ሰው የለም።

እንግዲህ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በ1962 ለ16 ቃላት አንድ ትልቅ ኩባንያ ተጨንቆ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ያን ያህል ቃል የሚሰማ ሥራ ከክብሪት ቤት በማትበልጥ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በቤት ውስጥ ሊከናወን ይችላል። የሐሙሲቷ ጓዳ ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቃል አያስፈልጋትም። አብራ፣ አጥፋ፣ መብራት፣ ምጣድ፣ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ቆጣሪ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ አዎ፣ ተው የሚሉትን ብትቆጥሯቸው አሥራ አንድ ናቸው። ስለ ዓለም ሁሉ የሚያወራ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ ሃያ ቃል አጥርቶ የሚሰማ የአገር ልጅ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። ይህም በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሚገኙ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ተማሪዎች የሚገባ የመመረቂያ ሥራ ነው።

በሚሠራበት ጊዜ ግን ሦስት ነገር መዘንጋት አይገባም። መጀመሪያ፣ የሚያሞቅ ዕቃ ለመጥፋት ፈጣን፣ ለመብራት ግን ጠያቂ ይሁን፤ «አጥፋ» ሲባል ወዲያው ይጥፋ፣ «አብራ» ሲባል «ምጣዱን ላብራ ወይ?» ብሎ ማረጋገጫ ይጠይቅ። ሬዲዮ ውስጥ የሚነገር ቃል ሰምቶ ምጣድ የሚለኩስ መሣሪያ ቤት ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ባይሰማ በእጅ የሚሠራበት ማዞሪያ ከነጉብታው ይኑረው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወይም መናገር የማይችል ሰው ከቤቱ ውጭ እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ መፈጸሙን ይናገር፤ ዓይነ ስውሩ አምፖሉን ቀና ብሎ አይቶ ማረጋገጥ አይችልምና።

«ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ በትሩም ገና ለሁሉ አልተዳረሰም» የሚሉ ይኖራሉ። ነገሩ ሚዛን አለው፤ ስለዚህም ከብዙ ወጪ በፊት ያለ ወጪ የሚደረገውን ልናገር። ዓይነ ስውር ዘመድ ያለው ሰው ዛሬ ማታ በምድጃው ማዞሪያ ላይ «ዝግ» የሚለው ካለበት ትይዩ የጥፍር ቀለም ደጋግሞ ቢያንጠባጥብ ሲደርቅ በጣት የሚዳሰስ ጉብታ ይሆናል። በጨው ዕቃው አንገት ላይ ክር ቢያስር ከስኳሩ ይለያል። ዕቃ ሁሉ ከተነሣበት ቦታ ቢመለስ፣ በርም ወይ ፈጽሞ ተከፍቶ ወይ ፈጽሞ ተዘግቶ ቢቀመጥ ግንባር ከመገጨት ይድናል። ብዙ ሰው በእጁ የያዘው ዘመናዊ ስልክም በውስጡ ገጹን የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ ዋጋው ተከፍሏል፤ የቀረው ከፍቶ ማስተማር ነው። ቃል ሰሚው መሣሪያ የሚመጣው በዚህ ላይ ተጨምሮ ነው።

አሁን ንግግሬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምታገለግሉት ለእናንተ አደርጋለሁ። ሕጉ ከጎደለ ሕግ አውጪውን እንጠይቅ ነበር፤ ሕጉ ግን አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። የአዋጁ ቃል ወደ ሥራ የሚለወጠው ግን በእናንተ ብዕር ነው። የዕቃ ግዢ ክፍል ኃላፊ የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጅ፣ ከቀለሙና ከመጠኑ ጎን «በእጅ የሚዳሰስ ምልክት ወይም የሚናገር ድምፅ ያለው» የምትል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ነጋዴው ለአንድ ሰው የማያመጣውን ዕቃ ለመሥሪያ ቤት ያመጣዋል። የደረጃ አውጪው ባለሙያ የቤት ዕቃን ደረጃ ሲጽፍ እንዲሁ ቢያደርግ ፍሬው በየገበያው ይታያል። ቆጣሪን የሚመለከተው ሠራተኛ በትንሿ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር በስልክ ተደውሎ በአማርኛ የሚሰማበትን መንገድ ቢያስብ፣ አንዲት አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ለብዙ ሰው ዓይን ሆነ ማለት ነው።

ይህንም ስታደርጉ ባለ ጉዳዩን ሳትጠይቁ አታድርጉ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ማኅበር ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደሚጠቅምና የትኛው ለፎቶግራፍ ብቻ እንደሚሆን ከማንም በላይ አባሎቹ ያውቃሉ። ዓይነ ስውር ተረጂ ብቻ አለመሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ዛሬ በብዙ አገር ዓይነ ስውራን በኮምፒውተር የሚሠሩበትን «ኤን ቪ ዲ ኤ» የተባለውን ነጻ የንባብ ፕሮግራም ከ2006 ጀምሮ የሠሩት ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ የሚባሉ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን መሆናቸውን ይወቅ። ከአገራችንም በወሎ በሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ የጠፋው የትነበርሽ ንጉሤ በሕግ ተመርቃ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባሉበት አገር መሣሪያውን ለእነርሱ እንሥራ ከማለት ይልቅ ከእነርሱ ጋር እንሥራ ማለት ይገባል።

በመጨረሻም ሁላችሁ በነጻ ልትሰጡት የምትችሉት አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም ድምፃችሁ ነው። ሞዚላ የተባለው ድርጅት ከ2017 ጀምሮ ሰዎች በፈቃዳቸው ዐረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፃቸውን ለመሣሪያ ማሠልጠኛ የሚሰጡበትን ሥራ አቋቁሟል። ጥቂት ደቂቃ ማንበብ ለእናንተ ምንም አይደለም፤ የብዙ ሰው ጥቂት ደቂቃ ሲከማች ግን መሣሪያው አማርኛን የሚማርበት መዝገብ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። በተለይም የአያቶቻችሁንና የአገር ቤት ዘመዶቻችሁን አነጋገር በፈቃዳቸው እየቀረጻችሁ ለሚያጠኑት ብትሰጡ፣ መሣሪያው የከተማን አፍ ብቻ ሳይሆን የደራንና የፎገራን፣ የአቸፈርንና የበጌምድርን አፍ ይለምዳል።

የሐሙሲቷ እናት በደጃቸው የእንግዳ ኮቴ በሰሙ ጊዜ፣ «መብራቱን አብራ» ብለው አዝዘው፣ «በርቷል፣ እማማ» የሚል መልስ በገዛ ቋንቋቸው ሰምተው፣ እንግዳቸውን «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ሊሉ ይገባቸዋል። ይህ እንዲሆን ከሚያስፈልገው ነገር ውስጥ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ አይደለም።